ድምፅ ያልነበረው መኪና

እሑድ፣ ኅዳር 8 ቀን 1972 ዓ.ም.

ሰላሕ ሰው ገጨ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ነው። ከቆረም እህል ጭኖ ሲመለስ፣ ሰቆጣ ልትታይ ስትል ያለው ረጅሙ ቁልቁለት ላይ። ሰውየው አልሞተም። አልሞተም። ሁለቴ የጻፍኩት ለራሴ ብዬ ነው።

ክሊኒክ ተረኛ ነበርኩ። የመኪና በር ሲዘጋ ሰምቼ ብወጣ የገዛ ባሌ አንድ ጎረምሳ ታቅፎ ቆሟል፤ ሸሚዙ ደም በደም ሆኗል። «ዓሲያ፣ አድኚልኝ» አለኝ። ልጁን አልጋ ላይ አስተኝቶ፣ እጁን እንኳ ሳይታጠብ በእግሩ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። ሌላ ሾፌር ቢሆን እዚያው ጥሎት ይፈረጥጥ ነበር። ይህን ዳኛ ፊት የሚናገርለት ሰው ይኖር ይሆን?

ልጁ ገበያው ይባላል፤ የጽጽቃ ሰው ነው። ቆረም ፍየል ሸጦ አህያውን እየነዳ ወደ አገሩ ሲመለስ ነው መኪናው ከኋላው የደረሰበት። የግራ ጭኑ ተሰብሮ አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ወጥቷል። ከኃላፊያችን ከአቶ ወልደ ገብርኤል ጋር ቁስሉን አጥበን እግሩን በጣውላ አሰርነው። ሆስፒታል መሄድ ነበረበት። መንገዱ ግን ያለ ወታደር ኮንቮይ አይኬድም፣ ኮንቮዩ መቼ እንደሚነሣ ደግሞ ሚስጥር ነው ይላሉ።

አቶ ወልደ ገብርኤል እጃቸውን እየታጠቡ «የሾፌሩ ሚስት መሆንሽን ለቤተሰቡ እንዳትናገሪ» አሉኝ። «አንቺን ከዚህ ባስወጣ የሚረዳኝ ሰው የለም። ሥራሽን ሥሪ፣ አፍሽን ያዢ።»

ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ትኩሳቱ ወጥቷል። ቁስሉ ይሸታል።

እናቱ መጡ፤ ደብሬ ይባላሉ። ከእሳቸው ጋር ወንድማቸው ምንዋጋው፣ ምንሽሩን እንዳነገተ። ጠመንጃ ይዞ ክሊኒክ መግባት ክልክል ነው ብለው አቶ ወልደ ገብርኤል ቢቆጡት በር ላይ ተቀመጠ። እስካሁን እዚያው ነው። ለመግባትም ለመውጣትም በጉልበቱ አጠገብ ማለፍ አለብኝ።

ሰዎቹ የሚያወሩት ኽምጥኛ ነው። እኔ የአባቴ የዑስማን ሱቅ ባንኮኒ ላይ ጨውና ጋዝ እየሸጥኩ የለመድኩት ቋንቋ ነው፤ እንደነሱ ባላሳምረውም እግባባለሁ። እናትየው ምንም አልጠየቁኝም። መርፌ ስወጋው እጄን ብቻ ያያሉ።

ዓርብ፣ ኅዳር 13

ለሰላሕ ምሳ ይዤ ጣቢያ ሄድኩ። ከስቷል። ትራፊክ ፖሊሱ አሥር አለቃ ተስፋው በቅርቡ ወደ ሰቆጣ የተዛወረ ሰው ነው፤ አነጋገሩ ለስላሳ ነው አሉ፣ ለስላሳ ሰው ደግሞ ያስፈራኛል። ደጋግሞ የጠየቀው አንድ ነገር ነው አለኝ ሰላሕ፤ «ሞተር አጥፍተህ ነው የወረድከው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ናፍጣ በኩፖን ሆኗል። ሾፌር ለመንገዱ የተሰጠው ናፍጣ ከተረፈው ለራሱ ነው፤ ስለዚህ ቁልቁለት ሲያገኝ ሞተሩን አጥፍቶ መኪናውን በክብደቱ ይለቀዋል። የተረፈውን «የቁልቁለት» ይሉታል። የወፍጮ ባለቤቶች ይገዙታል። ክፋቱ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ፍሬኑ የሚሠራበት አየር አይሞላም፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ፍሬኑ ባዶ ይሆናል፣ ጡሩንባውም የሚጮኸው በዚያው አየር ነው። ሾፌር ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሾፌር ሁሉ ያደርገዋል።

ሰላሕ ግን አያደርገውም። ለአሥር አለቃውም አላደረግሁም ብሎ ነግሮታል።

ማታ ስገባ የሰላሕ እናት ሐሊሜ ጓሮ የነበሩትን ጀሪካኖች ወደ ጎረቤት እያሻገሩ አገኘኋቸው። «የፋኖስ ጋዝ ነው፤ ቤት ውስጥ ይሸታል» አሉኝ። ጋዝ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ኅዳር 18

ደብሬ ጾም ገብቷል ብለው ከቆሎ በቀር አይቀምሱም። እኔ ያመጣሁትን ሻይ አመስግነው ተቀብለው ውጪ ሲደፉት አየሁ። የእስላም ቤት ስኒ ተጸይፈው ይሆናል ብዬ ተውኩት። የባሰው ግን መድኃኒቱ ነው፤ ለልጁ የምሰጠውን ሽሮፕ መጀመሪያ ራሳቸው ይቀምሱና፣ ትንሽ ቆየት ብለው ነው የሚያጠጡት። ክኒኑንም በምላሳቸው ይነካሉ። ባላገር መድኃኒት ማመን አይወድም። ልስቅም ፈለግሁ፣ ግን ሳቅ አልመጣልኝም።

ገበያው በትኩሳት ይቃዣል። የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «መኪናው ድምፅ አልነበረውም። ምነው ድምፅ አልነበረው?» አጎትየው የመንገዱ ጋኔን ነው አለ። አቶ ወልደ ገብርኤል ኽምጥኛ አይሰሙም።

ስወጣ ምንዋጋው ጠራኝ። «እመቤት፣ አንቺ የከተማው ሰው ነሽ። የገጨው ሾፌር ቤቱ በየት በኩል ነው?»

«አላውቅም» አልኩት።

«ግድ የለም። ልጁ ከሞተ እኛው እናገኘዋለን» አለና ጉልበቱ ላይ እንድትመቸው ጠመንጃውን አስተካከላት።

እሑድ፣ ኅዳር 22

ዐርባ ሊሞላ ነው ትኩሳቱ። ፔኒሲሊን እያለቀ ነው። ከንፈሩ ደርቋል። ቄስ ተጠርቷል።

ቢሞት ደም ነው። ቢድን ይናገራል።

አንድ ነገር አሰብኩ። አልጽፈውም።

ሰኞ፣ ኅዳር 23

የትናንት ማታው መርፌ ዘገየ። የመድኃኒቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ ጠፍቶብኝ ነው። መሳቢያውን፣ ጠረጴዛውን፣ አልጋ ሥሩን ሁሉ በረበርኩ። እናትየው ተነሥተው ቆመው ያዩኝ ነበር። በኋላ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ተገኘ። ሰው ሲደክመው እንዲህ ይሆናል። ወጋሁት።

ያ ረቢ፣ ይህን እጅ ከእኔ ይልቅ አንተ ጠብቀው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 1

በረደለት! አልሐምዱሊላህ፣ በረደለት። ዛሬ ዓይኑን ገልጦ መጀመሪያ የጠየቀው አህያውን ነው። አህያዋ ቀድማ አገሯ ገብታለች ብለው ሲነግሩት «እሷስ ከእኔ ትሻላለች» ብሎ ሳቀ። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ደስታ ነው፤ ደስታ ብቻ እንዲሆን እፈልግ ነበር።

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 4

አቶ ወልደ ገብርኤል ለክትባት ኒሯቅ ከሄዱ ሳምንት አልሞላም፤ ክሊኒኩ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ። አሥር አለቃ ተስፋው የገበያውን ቃል ሊቀበል መጣ። የጣቢያው አስተርጓሚ ታሟል። «አንቺ ቋንቋውን ትሰሚ የለ? አስተርጉሚልኝ» አለኝ። ምሳ ሳመላልስ አግኝቶኝ ስለማያውቅ ማን እንደሆንኩ አያውቅም። አላውቅም ማለት እችል ነበር። አይሆንልኝም ማለት እችል ነበር።

ገበያው ጋደም እንዳለ ተናገረ። ረጋ ብሎ፣ አንዳችም ሳይጨምር። የመንገዱን ዳር ይዤ ነበር የምሄደው አለ። መኪና ከሩቅ ይሰማል፣ ሲሰማም አህያዬን ይዤ ገደሉ ጥግ እቆማለሁ፣ ሁሌም የማደርገው ነው አለ። ይህኛው ግን ድምፅ አልነበረውም፣ ሞተሩም አይጮህም፣ ጡሩንባም የለም፤ ብሰማ ኖሮ እዘል ነበር አለ። ከዚያ እኔን አየኝና «ንገሪልኝ እህቴ» አለ።

አሥር አለቃው ብዕሩን አንሥቶ ይጠብቀኛል።

«ጡሩንባ ሰማሁ ይላል» አልኩ። «አህያይቱ ደንግጣ መሃል መንገድ ገባች፣ ልይዛት ብዬ ተከትያት ስገባ ነው የመታኝ ይላል።»

ይህን ያህል ነው የወሰደው። ውሸት ብዙ ጊዜ የሚፈጅ ይመስለኝ ነበር።

ደብሬ አልጋው ግርጌ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። እንዝርታቸው ቆመ። ከዚያ መልሰው አሾሩት። አሥር አለቃው የገበያውን አውራ ጣት ቀለም ነክሮ ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። ገበያው ቀለም የነካውን ጣቱን እያየ «አመሰግናለሁ» አለኝ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 12

ሰላሕ በዋስ ተለቀቀ። በጨለማ ነው ያስገባነው። ዛሬ እኛ ጋ፣ ነገ አክስቱ ቤት፣ ከነገ ወዲያ ሌላ ቦታ ያድራል። ውሻ በጮኸ ቁጥር ይነሣል፤ እሱ ሲነሣ እኔ እነሣለሁ።

«ልጁ ምን ብሎ ቃሉን ሰጠ?» አለኝ። ነገርኩት። «አላህ ይስጥሽ» አለ። ለምን እንዲህ አልሽ አላለኝም። እውነቱ ይህ አይደለም እንዴ አላለም። እንዲጠይቀኝ ጠብቄ ነበር። ሐሊሜ በር ላይ ሆነው «ዝም አይነቅዝም፣ ልጆቼ» አሉን። እሳቸው ዝምታን እንደ እህል በጎተራ የሚያከማቹ ሰው ናቸው።

ሐሙስ፣ ጥር 1

ገበያው በክራንች ቆመ። አንደኛው እግሩ አጥሯል፤ አጥንቱ ተዛንፎ ነው የገጠመው። ከእንግዲህ ማረስ አይችልም። አልነገርኩትም፣ እሱ ግን ያውቃል። «ፍየል መጠበቅ እችላለሁ። ካልሮጡብኝ» አለ።

መጥሪያ ደርሷል፣ ለጥር 20። አሥር አለቃ ተስፋው ክሊኒኩ በር ላይ ለአቶ ወልደ ገብርኤል ሲነግራቸው ሰማሁ፤ በቃሉ መሠረት ጥፋቱ የእግረኛው ነው፣ ሾፌሩ ነፃ ይወጣል፣ ካሳም የለም። ያን ስናገር ያሰብኩት ለሰላሕ ብቻ ነበር። ስለ ካሳው አላሰብኩም። ወላሂ አላሰብኩም።

እሑድ፣ ጥር 11

ጥምቀት። ታቦቱ ሲመለስ በደጃችን ነው የሚያልፈው። ሰላሕ ቤት ነበር፤ መስኮቱን ዘግተን በስንጥቁ እናያለን። ከዘፋኞቹ መሃል ምንዋጋው ምንሽሩን ከፍ አድርጎ ይሸልላል። በራችን ትይዩ ሲደርስ ቆመ። ሰላሕ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጭ አለ። ምንዋጋው የጫማውን ክር አስሮ ሄደ።

ዓርብ፣ ጥር 16

ዛሬ ገበያውን አሰናበትነው። ምንዋጋው በቅሎ ሊያመጣ ሄደ። እኔ የአልጋውን አንሶላ ስገፍ ደብሬ ወደ እኔ መጡ።

«ዓሲያ» አሉኝ። ስሜን ጠርተውት አያውቁም። ከዚያ በአማርኛ ቀጠሉ፤ ሰቆጣ ተወልዶ እንዳደገ ሰው አጥርተው።

«የሾፌሩ ሚስት መሆንሽን የመጣሁ ዕለት ነው የከተማው ሰዎች የነገሩኝ። ወንድሜ እንዳይሰማ ብዬ ደበቅሁት። ፖሊሱ የመጣ ቀንም ያልሽውን ሁሉ ሰምቼዋለሁ።»

አንሶላው ከእጄ ወደቀ። «አማርኛ ያውቃሉ?»

«ገበያ ወጥቼ የምገባ ሴት አይደለሁም ወይ? ምን ሆኜ አላውቅም!»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምን ያን ጊዜ አልተናገሩም?»

«ልጄ በእጅሽ ነበራ!» አሉ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «የሚውጠው ካንቺ፣ የሚወጋው ካንቺ። ተናግሬ ባስቀይምሽስ? አንድ ቀን ቁልፍ ጠፋኝ ብለሽ ስትፈልጊ እኔ ኪስሽን አየሁት። ለወንድሜ ብነግረው አንቺንም ይገድል፣ እሱም ይታሰር፣ ልጄም ያለ ወጊ ይቀር ነበር። እግርሽ ላይ ወድቄ ልለምንሽ ሁሉ አስቤ ነበር። ከዚያ ወጋሽው። ተመስገን ብዬ ተቀመጥሁ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ትንሽ ሆነብኝ።

«አሁን ከእጅሽ ወጣ» አሉ። «አሁን አልፈራሽም። እናት ለልጇ ብትመሰክር ማን ያምናታል? አንቺው ተናገሪው።»

በቅሎዋ መጣች። ገበያው በቅሎዋ ላይ ሳይወጣ በፊት እጄን ስሞ «እህቴ ደህና ሁኚ፣ ለቀጠሮው እመጣለሁ» አለኝ።

እኔ እነሱን ስፈራ ነው የከረምኩት። የምንዋጋውን ጠመንጃ ስፈራ፣ የልጁን አፍ ስፈራ፣ የእናቱን ዓይን ስፈራ። አንዲት አሮጊት በእኔ ምክንያት እንቅልፍ አጥታ፣ በእኔ ምክንያት ክኒን በምላሷ እየሞከረች እንደከረመች አልታየኝም። በሕይወቴ ማንም ፈርቶኝ አያውቅም። እንዲህ አፍሬም አላውቅም።

ለሰላሕ ሁሉንም ነገርኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀምጦ ነበር።

«አጥፍቼ ነበር» አለ በመጨረሻ። «ፍሬኑን ስረግጠው ባዶ ነው። ጡሩንባውን ስጫነው አይጮህም። በመስኮት አንገቴን አውጥቼ ጮህኩበት፣ ሲዞር አፍንጫው ሥር ደርሻለሁ። ዓሲያ፣ ብትናገሪ አንቺም እኮ ትታሰሪያለሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ስለ እኔ አይደለም የምለው።»

«እሱንም አውቃለሁ» አልኩት። አልተጣላንም። ብንጣላ ይቀለኝ ነበር። ምን እንደማደርግ አልነገርኩትም፤ እኔም አላውቀውም ነበርና።

ሐሙስ፣ ጥር 22

የምጽፈው ከጣቢያው ነው። ደብተሩን ሐሊሜ ምሳ ሲያመጡ በነጠላቸው ሸፍነው አስገቡልኝ። አላናገሩኝም፣ ግን አመጡልኝ። ሰላሕ ከግድግዳው ወዲያ ነው፤ ሲያስል ይሰማኛል።

ማክሰኞ ችሎቱ ሞልቶ ነበር። ሐሊሜና እኔ ከኋላ ተቀመጥን። ዳኛው የገበያውን ቃል ከወረቀቱ አነበቡት፤ የፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ በኽምጥኛ ተረጎመለት። ገበያው ክራንቹን ተደግፎ ሲሰማ ፊቱ ላይ ግራ መጋባት አየሁ።

«እኔ እንዲህ አላልኩም» አለ። «ጡሩንባ አልሰማሁም። አህያዬም መንገድ አልገባችም። መኪናው ድምፅ አልነበረውም።»

«ይህ አሻራህ አይደለም?» አሉ ዳኛው።

«አሻራዬ ነው።»

«እንግዲያው ወይ ያኔ ዋሽተሃል፣ ወይ ዛሬ ትዋሻለህ። በሐሰት መመስከር እንደሚያሳስር ታውቃለህ?»

አስተርጓሚው ሲነግረው ገበያው ዙሪያውን መቃኘት ጀመረ። ደብሬ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ዞረው አላዩኝም። ገበያው እኔን ሲያገኝ ፊቱ በራ። በክራንቹ አመለከተኝ።

«እሷን ጠይቋት» አለ። «የነገርኩት ለሷ ነው። ያዳነችኝ እሷ ናት፣ እሷ አትዋሽም።»

ሐሊሜ ቀሚሴን ጨምድደው ያዙኝ። ሰላሕ የራሱን እግር ነበር የሚያየው። ቀሚሴን ከሐሊሜ እጅ አስለቅቄ ተነሣሁ፣ ወደ ፊትም ቀረብኩ።

«ስም?»

«ዓሲያ ዑስማን።»

«ከተከሳሹ ጋር ዝምድና አለሽ?»

«ባሌ ነው።»

ሰዉ ተንጫጫ። አስተርጓሚው ይህችን ለገበያው ሲነግረው ሰማሁ። ወደ እሱ ዞሬ ላየው አልቻልኩም።

ዳኛው ጫጫታው እስኪበርድ ጠበቁ። «ታዲያ ይህ ሰው ያን ቀን የነገረሽ ምንድን ነው?»

ድምፅ አልነበረውም እንዳለኝ፣ ጡሩንባውንም የፈጠርኩት እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። አንገቴን ደፍቼ ስለነበር ከፊሉ አልተሰማም፤ ጸሐፊውም ብዕሩን አንሥቶ ወደ ዳኛው ተመለከተ።

«ጮክ ብለሽ ድገሚው» አሉኝ።

ደገምኩት።